ከጌሾው ሥር የነበሩት

ይህ ገል ውሃ ሲነካው ዛሬም የዚያን ጉድጓድ ሽታ ይሸታል። ሰበታ በተከራየነው ቤት፣ አልጋዬ ሥር፣ በወተት ጣሳ ውስጥ በጨርቅ አስሬ ነው የማስቀምጠው። ማንም እንዲያየው አልፈልግም። ሰሞኑን ያወጣሁት ልጄ ስለ ጠፉ ጥንታዊ ሥልጣኔዎች ተምራ መጥታ፣ “እማ፣ ያን ሁሉ ከተማ የሠራው ሕዝብ የት ገባ?” ስላለችኝ ነው።

ያኔ የምንኖረው ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ መውጫ ነበር። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ቦታውን ከገበሬ ገዝቶ ጭቃ ቤት ሠርቶበታል፤ ካርታ ግን አልነበረንም። የማናውቀው ሰው በአጥሩ በኩል ቆም ካለ ቤት ውስጥ ወሬ ይቋረጥ ነበር።

አንድ በጋ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈርን። ቆፋሪው ከቁመቱ በላይ ወርዶ ሳለ የዶማው ድምፅ ተለወጠ። አፈሩን ሲጠርገው ተስተካክሎ የተደረደረ ድንጋይ ወጣ፤ የቤት ግድግዳ ነው። ከሥሩ ከሰልና የተሰባበረ ጥቁር ሸክላ ነበር። ከላይ ጎንበስ ስል እርጥብ አመድ ሸተተኝ። እሳቱን ትናንት ያጠፉት ይመስል ነበር።

እናቴ ቆፋሪው ወርቅ አግኝቶ ደብቋል ብላ ጠረጠረች። እሱ ደግሞ እኛ አውቀን ያስቆፈርነው መስሎት ዓይኑን ከእጃችን አልነቀለም። አባቴ የፈራው ሌላ ነው፤ ወሬው ከወጣ ቅርስ ተገኘ ተብሎ ቦታችን ይወሰዳል አለ። በዚያው ዕለት ሸክላውም ድንጋዩም ተመልሶ ተደፈነ፤ እንዳይታወቅም ጌሾ ተተከለበት።

በማግስቱ ጎረቤታችን፣ ሁላችን ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ “አካም ቡልታኒ” እያሉ ገቡ። ጌሾውን ዞረው አዩት።

“ግቢ መሃል፣ ያውም በበጋ፣ ጌሾ የሚተክል ሰው ዛሬ አየሁ።”

“ምንም አላገኘንም፣ ኦቦ” አለ አባቴ። “ማን ነገረዎት?”

“አግኝታችኋል መች አልኩ?” ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አባቴም ሲያርስ ድንጋያቸውን ያገኝ ነበር። እነማን እንደሆኑ እሱም አያውቅም። መሬቱ የኛ ብቻ መስሎን ነው እንጂ።”

አባቴ ሰው ልኳቸው ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራችን በጠራራ ፀሐይ ይዘጋ ጀመር። ኦቦም ሁለተኛ አልመጡም።

ገሉን ያገኘሁት ዝናብ ሲመጣ፣ ከተረፈው አፈር ላይ ታጥቦ ነው። ጌሾው ጸደቀ። ቦታው ግን አልቀረልንም፤ መንገድ ሲሰፋ ቤታችን ፈረሰ። አሁን በሚኒባስ በዚያ ሳልፍ ምድጃችን የት ጋ እንደነበር መለየት አልችልም። አስፋልቱ ሥር ነው፣ ከእነዚያ ሰዎች ምድጃ በላይ።

ገሉ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ የተጫነ የጣት ምልክት አለ። ያኔ ጣቴ ልክ ይገባበት ነበር፤ አሁን አይገባም። ልጄ ጣቷን ስታስቀምጠው ልክ ሆነ።

“ልጅ ናት እኮ የሠራችው” አለች፣ ጣቷን ሳታነሳ።

ለአስተማሪዬ ላሳየው ብላ ለመነችኝ። ጥሩ ሰው ነው ይሉታል፤ ግን ከእሱ ወደ ማን እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ? እምቢ ብዬ ወደ ጣሳው መለስኩት።

ዛሬ ጠዋት ሳጸዳ ጣሳውን ከፍቼ አየሁ። ጨርቁ እኔ እንደማስረው አልታሰረም። ገሉ ግን አለ፤ ውሃ ነክቶት ገና አልደረቀም። መልሼ ጠቀለልኩትና ልጄ እንዳሰረችው አድርጌ አሰርኩት።