የጋሽ ቆይ ሦስተኛ መልስ

ስልኩ ሲጮኽ ሩዝ እያጠበች ነበር። አለቃዋ ነው። «ጋሽ ቆይ አረፉ» አላት። «ልባቸው ነው አሉ።»

ሳህኑን አስቀምጣ አለቀሰች። ለቅሶዋ ሳይወጣላት ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና ክው ብላ ቀረች።

በሥራ ቦታዋ «አስተርጓሚዋ» ይሏታል። መሐንዲሶቹ በኢንተርኔት ለሌሎች ፕሮግራሞች አገልግሎት የሚሰጡ ፕሮግራሞችን ይሠራሉ፤ እሷ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የእያንዳንዱን አገልግሎት መግለጫ ማሽን በሚገባው መንገድ እንዲጽፉ ታግዛቸዋለች። ማሽን ጠርጥሮ አያውቅም፤ የተጻፈለትን እንዳለ ያምናል። ስለዚህ ሁሉንም የምትጠይቀው አንድ ዓይነት ነው፦ ምን ይቀበላል? ምን ይመልሳል? ሠርቶ ሲያበቃስ ምን ለውጦ ይሄዳል?

በሦስተኛው ጥያቄ ወጣቶቹ ይስቁባታል። አንጋፋው መሐንዲስ ጋሽ ቆይ ግን ስቀውባት አያውቁም። «ቆይ፣ ይቺን ላስብባት» ይሉና መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ቅጽል ስማቸውም የወጣላቸው ከዚሁ ነው። መልሱ ሲመጣ ግን መልስ ነው።

የመጨረሻ ሥራቸው በሆስፒታሎች ውስጥ ባዶ አልጋ የሚፈልግ አገልግሎት ነበር። ሁለቱን ጥያቄ መለሱላት፤ በሦስተኛው «ቆይ» አሉ። በማግስቱ አሟቸው ቀሩ። አለቃው መግለጫውን አምጪ ብሎ ወጥሮ ያዛት። እሷም አልጋ መፈለግ ምን ይለውጣል ብላ፣ ሲመለሱ እጠይቃቸዋለሁ ብላ፣ «ምንም አይለውጥም» ብላ ሞላችው።

ያን አምኖ አምቡላንሶችን አልጋ ወዳለበት ሆስፒታል የሚመራው ፕሮግራም ሥራ የጀመረው ዛሬ ጠዋት ነው።

እጇን እንኳ ሳትጠርግ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ አምቡላንስ እየጮኸ ሲያልፋት ሩጫዋን ጨመረች። ቢሮ ስትደርስ ከወጣቶቹ አንዱ፣ የአምቡላንሶቹን ፕሮግራም የሠራው አጭሩ መሐንዲስ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

«አምቡላንሶቹ አልጋ የሚጠይቁት ስንት ጊዜ ነው?» አለችው።

«በየደቂቃው ነዋ። ምንም አይለውጥም ብለሽ የለ እንዴ? እንደ ልባችን ነው የምንጠይቀው።»

«ሆስፒታሉስ ምን ይላል?»

«ሞልቷል ይላል። ሁሉም ሞልቷል። አገሩ በሙሉ ዛሬ ለመታመም የተቀጣጠረ ነው የሚመስለው።»

ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ደወለች። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተች። ነርሷ አነሳችው።

«አልጋ? አልጋማ ተነጥፎ ሰው ይጠብቃል። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው አልላካችሁልን፤ ምነው እቴ፣ ተቀየማችሁን?»

አጭሩ መሐንዲስ ሰምቷል። ቀልዱ ጠፋበት። አገልግሎቱ ያገኘውን አልጋ ሌላ እንዳይሻማበት ለጠያቂው ይይዝለታል ማለት ነው። አምቡላንሶቹ በጠየቁ ቁጥር አንድ አልጋ ተይዟል፤ የተኛበት ግን የለም።

አለቃው ከቢሮው ወጣ። «ምንድን ነው ይሄ ሩጫ?»

«አጥፋው» አለችው።

«ዛሬ ያስመረቅነውን? እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ለዚህ እኮ ነው አጥፋው የምልህ።»

ፊቷን አየና አጠፋው። አምቡላንሶቹ አልጋ በስልክ ወደ መጠየቅ ተመለሱ። አንዱ ግን ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ የቅርቡን ሆስፒታል አልፎ ሄዷል። ሩቅ ወዳለው ደወለች። ጠብቂ አሏት። የሰው ኮቴ፣ የበር ድምፅ ትሰማለች።

«ደርሳለች። እየታየች ነው» አሏት። ከዚያ በላይ አልነገሯትም፤ እሷም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

የጋሽ ቆይ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ምንም አይለውጥም» የሚለውን ሰርዛ «ያገኘውን አልጋ ይይዛል» ብላ ጻፈች።

የተያዘው አልጋ በምን እንደሚለቀቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። አጭሩ መሐንዲስ የእሳቸውን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች እያነበበ ነው፤ አላገኘውም። በመግለጫው ላይ «በምን ይለቀቃል» የሚለው መስመር እስካሁን አልተጻፈም።