ለነፍስ አባቴ ያላቀረብኩት ዶሮ

የባለቤቴ ሱቅ የነበረበት ተራ ለሕንፃ በፈረሰበት ዓመት፣ ገና ያለ ዶሮ መጣ። ለልጆቼ ሽሮ ሠርቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። የፈራሁት የነፍስ አባታችንን ነበር። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን አማኑኤል አካባቢ ያለነውን የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ ዳቦ ይባርካሉ። የዚያን ዓመት እንኳ ቢዘሉን ብዬ ተመኘሁ። ካህን ቤቴ እንዳይገባ መመኘቴ ደግሞ ራሱ አሳፈረኝ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

"አባቴ፣ የሚባርኩት... የሚባረክ ዳቦ የለም። የሚቀመስም የለም።" አንገቴን ደፋሁ።

"ምንም?"

"ምንም። ሽሮውንም ልጆቹ ጨርሰውታል።"

"ተመስገን!" አሉና መደቡ ላይ ዘፍ አሉ።

ጫማቸውን ሲያወልቁ እግራቸው አብጧል። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው፣ ቀድሰው፣ ከንጋት ጀምሮ ሲዞሩ ነው የዋሉት።

"በየገባሁበት 'በሞቴ! አፈር ስሆን!' ነው። እምቢ ካልኩ ቅያሜ ነው። ጾም የከረመ ሆድ የስንቱን ሞት ይችላል ልጄ? ውሃ ስጪኝ።"

ውሃውን ጠጡ፤ ግድግዳውን እንደተደገፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጆቼን በጣቴ ዝም አሰኘሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት እኔም በሞቴ እያልኩ ሳጎርሳቸው፣ ተኝተው ይሆን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ሲነቁ እሳቸውም አፈሩ። ጫማቸውን እየፈለጉ፣ "ለማንም እንዳትነግሪ" አሉኝ። "በበዓል ቀን ሰው ቤት ገብተው ተኙ እንዳይባል።"

"አልናገርም አባቴ።"

በዓመቱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባለቤቴ ዱባይ ተራ ውስጥ ሱቅ ተከራይቶ ነበር። ዶሮውም ተሠራ፣ ዳቦውም ተጋገረ። የነፍስ አባታችን ገብተው ዳቦውን እንደባረኩ፣ ለበዓል የመጣችው የባለቤቴ እህት ድስቱን ልታወጣ ተነሳች። እጇን ያዝኩ።

"ተይው።"

አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረብኩላቸው። መደቡ ላይ ትራስ አደረግኩና ቤተሰቡን ሁሉ ይዤ ወደ ግቢ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ።

"ምን ጉድ ነው!" አለች የባለቤቴ እህት፣ ጎረቤት እየሰማ። "ዶሮ እያለ ለካህን ውሃ? ሱቅ ስታገኚ ሰሰትሽ እንዴ?"

"አልሰሰትኩም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ቃሌ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት። ቧንቧው ጋ የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ከዓመት በፊት ስለማጣት አፍሬ ነበር፤ እያለኝ ማፈሩ ግን ባሰ።

"ድምፅሽን ቀንሺ በእናትሽ" ብቻ አልኳት።

"እግዜር ይይልሽ!" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ጫማቸውን አውልቀዋል። ተመስገን ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።