ቀስት ልማር ብዬ ጠመንጃ የያዝኩበት ዓመት

ከሐርቡ የወጣነው ከመግሪብ ሰላት በኋላ ነው፤ እኔና የአክስቴ ልጅ ሉባባ። አክስቴ ሐዋ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ለሁለታችንም እኩል አለቀሰች። ልንሳፈር ስንል ግን የሉባባን እጅ ያዘችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ሰዓድዬ፣ ትልቋ አንቺ ነሽ። ይቺ ልቧ ሜዳ ነው። እንዳትለያዩ» አለችኝ። ሉባባ ሳቀች። በሁሉም ነገር የምትስቅ ልጅ ነበረች፤ አይሱዙው ላይ በማሽላ ከረጢት መሃል ተቀምጠን ወልድያን እስክናልፍ በሾፌሩ ጆሮ ስትቀልድ ነበር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁትም፣ እንደኔ መንገዱን ለምታውቁትም ነው። ስለዚህ የሚያሳፍረኝን ነገር አስቀድሜ ልናገር። መተማ ላይ ደላላው አሥራ አንድ ሰው ሰብስቦ በእግር አሻገረን። ደረቁን ወንዝ አልፈን፣ ሱዳን ገባን ብለን መተንፈስ ስንጀምር ተኩስ ተከፈተ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁላችንም ሮጥን። ከኋላዬ ሉባባ «ሰዓዳ፣ እግሬን» ስትል ሰማሁ። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። ሰምቼ ሮጥኩ፤ ዞሬም አላየሁ። ሞታ ይሁን፣ ሰው አንስቷት ይሁን አላውቅም።

ከካርቱም ለአክስቴ ስደውል በጨለማ ተለያየን፣ ሌላ መኪና ላይ ተሳፍራ ይሆናል አልኳት። ያቺ ውሸት ስድስት ዓመት ኖረች። በየዒዱ በደወልኩ ቁጥር «የልጄ ወሬ አለ?» ትለኛለች፣ «የለም አክስቴ» እላለሁ፣ «አብሽሪ፣ አላህ ያመጣታል» ብላ መልሳ የምታጽናናው እኔን ነው። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ከስድብ ይከብዳል።

ከካርቱም እስከ ባሕሩ ያለውን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበት አትሂዱበት። ኖርዌይ ስደርስ የስደተኞች ቢሮው ሰውዬ ቃሌን ተቀበለኝ። የመኪናውን ቀለም ጠየቀኝ፣ ጎማው ስንት እንደነበር ጠየቀኝ፣ ወንዙን ከመሻገራችን በፊት ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቀኝ። ምሳ አልበላሁም ስለው ለምን እንዳልበላሁ ጠየቀና መልሱን ጻፈ። «ከማን ጋር ወጣሽ?» ሲለኝ «ብቻዬን» አልኩት። ስለ ምሳዬ ያን ያህል የተጨነቀው ሰው ይህንን ዝም ብሎ አለፈው።

ፈቃዴ መጥቶ ኦስሎ ስገባ ሊንደሩድ የአረጋውያን ቤት የጽዳት ሥራ አገኘሁ፤ ቤት ያገኘሁት ግን ከተማውን አቋርጦ ፕሪንስዳል ነው። አከራዬ ቱሪድ ትባላለች፤ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባሏ ሞቶባታል። እኛ አገር ቢሆን እሳቸው ሳልል አፌን አልከፍትም ነበር። እዚህ ግን አንቱታ የለም፤ ሳከብራት ያረጀች የመሰላት ይመስል ትቆጣለች። ምድር ቤቱን ልታሳየኝ ስትወርድ ፈተነችኝ፤ «ነይ» በነሱ ቋንቋ «አይ» ማለት ነው። ታጨሻለሽ? ነይ። ትጠጫለሽ? ነይ። እንግዳ ታበዣለሽ? ነይ። «ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ፤ ከልቧ አዝናልኝ ነበር። እሠራለሁ፣ እተኛለሁ ስላት ቁልፉን ሰጠችኝ።

ቱሪድ አዳኝ ናት። የሚቀጥለውን ክረምት የምትበላው የኤልግ ሥጋ ፍሪዘሯ ውስጥ ታጭቋል፤ ኤልግ የሚሉት በቅሎና ግመል ተማክረው የወለዱት የሚመስል እንስሳ ነው። በየሳምንቱ ቁራጭ ይዛልኝ ትወርዳለች፣ እኔም የአላህ ስም ያልተጠራበት ሥጋ እንደማልበላ እነግራታለሁ። ለኔ ሥጋ ማለት ግሮንላንድ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር ሄዶ ከሐላል ሥጋ ቤት መግዛት ነው። አንድ ቀን ትንሽ አሰበችና ራስሽ የአምላክሽን ስም ጠርተሽ ብታድኚውስ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ያስቀሩን ሼህ፣ ቢስሚላህ ተብሎ በተለቀቀ ፍላጻ የሞተ አደን ሐላል ነው ያሉን ትዝ አለኝ። ይቻላል አልኳት። ግን ጠመንጃ አልይዝም አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ አይታለችና። ከገባሁ በሁለተኛው ወር መንገድ የሚያሰፉ ሰዎች ድንጋይ በድማሚት አፈንድተው ነበር። ቤቴ ውስጥ ልብስ እያጠፍኩ ነበር፤ ራሴን ያገኘሁት ጫካው አፍ ላይ፣ በካልሲ፣ በረዶ ላይ ቆሜ ነው። ቱሪድ ጫማዬን ይዛ ደረሰችብኝና አጎንብሳ አሰረችልኝ። የእናቴ እኩያ የሆነች ሴት ጫማ ስታስርልኝ በእፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

ስለዚህ የባሏን ቀስት ከግድግዳው አወረደችው። ቀስት ድምፅ የለውም አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በቀስት ማደን ክልክል ነው አለች። «በጠመንጃስ?» ስላት «ያ» አለችኝ፣ አዎ ማለቷ ነው፤ «በጠመንጃ ይቻላል»። እኔ ባለፍኩበት ድንበርም ሕጉ ይኸው ነበር ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሕጉ የሚፈራው ቀስት እንስሳውን ሳይገድል አቁስሎ ይሰድደዋል ብሎ ነው። ባሏ በየዓመቱ ዴንማርክ እየተሻገረ ነበር የሚያድነው፤ እዚያ ይፈቀዳል። ይሁን እንጂ ዴንማርኮች የቀስት ፈተናቸው ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት የምትኖሪበትን አገር የአዳኝ ፈተና ማለፍሽን ያያሉ። የኖርዌይ ፈተና፣ ያገርፕሮቨን የሚሉት፣ ደግሞ ኮርስ አለው፤ ኮርሱም ጠመንጃ የሚተኮስበት አንድ ቀን አለው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ቢሆንም ወሰንኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ስሮጥ ኖሬያለሁ፤ ቢያንስ አንዱን ቁሜ ልስማው አልኩ።

በቀስቱ ጀመርኩ። የባሏ ቀስት እንኳን ሊሳብልኝ አልነቃነቅም አለኝ፤ ቱሪድ ወደ አንድ የቀስት ክለብ ወሰደችኝና ለጀማሪ የሚሆን ቀላል አዋሱኝ። በትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ተሰለፍኩ። ጀማሪ የሆናችሁ ስሙኝ፤ የሚያስቸግረው ማነጣጠሩ አይደለም፣ እጅን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማድረስ ነው። አመልካች ጣት የከንፈር ጥግ እስኪነካ ይሳባል፣ ትንፋሽ ይያዛል፣ ከዚያ ጣት ይላላል እንጂ አይወረወርም። ሻርፔን አገጬ ሥር አስሬ ገመዱ ሁለት ጊዜ ከነከሰው በኋላ እንደ አጨዳ ጊዜ ወደ ማጅራቴ ማሰር ተማርኩ። ቤታችን እያለሁ ከማማ ላይ በወንጭፍ ዝንጀሮና ወፍ ከማሽላ ስጠብቅ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ወንጭፍ ደግሞ ሲለቀቅ ይጮህበታል። የመጀመሪያዋን ፍላጻ ስለቅ «ሃይ» ብዬ ጮህኩና አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አሠልጣኙ ረጋ ብሎ፣ እዚህ እንስሳው እንዲሄድ ሳይሆን እንዲቆም ነው የምንፈልገው አለኝ።

ገመዱ ክንዴን እየገረፈ አበለዘው። የሥራ አለቃዬ እጄን አየችና በር ዘግታ ቤት ውስጥ ሰላም ነሽ ወይ አለችኝ። ቀስት ነው አልኳት። ማነው እንዲህ ያደረገሽ ብላ ስትደግም፣ ገመዱ ነው አልኳት። እጄን ይዛ፣ ለመናገር ዝግጁ ስትሆኚ እዚህ አለሁ አለችኝ። በማግሥቱ ቀስቱን ይዤ ሄጄ ካሳየኋት በኋላ ነው ያመነችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትንሽ ትፈራኛለች። ለቱሪድ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ተረጎምኩላት። ስንት ሳምንት ይፈጅበታል አለችኝ። ለኔ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ በዓመቱ የባሏን ቀስት ሳብኩት።

የአዳኝ ኮርሱን ያስተማረን አርነ የሚባል ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች አባቶቻቸውን ተከትለው ጫካ ያደጉ ናቸው። እኔ በየሚዳቋው ስም ላይ ምላሴን እያሰርኩ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። በአራተኛው ቀን ትምህርቱ ኤተርሾክ የሚሉት ነበር፤ የቆሰለ እንስሳ ፍለጋ ማለት ነው። አርነ እንዲህ አለ፤ እንስሳ ተኩሶ አቁስሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። የነበረበትን ቦታ ምልክት ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ደሙን ተከትለህ ትፈልጋለህ። ሳታገኘው ብትቀር እንኳ እስክታውቅ ድረስ ትፈልጋለህ።

ለሚዳቋ እኮ ነው። ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ እጄን አወጣሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ሰውዬው ፈርቶ ሮጦ ቢሆንስ?» አልኩ።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አርነ አልሳቀም። «ከሮጠበት ይመለሳል» አለ። «ብቻውን ካልቻለ ሰው ይዞ ይመለሳል።»

«ብዙ ቀን ካለፈስ?»

«ያኔም» አለኝ።

የተኩሱ ቀን ቅዳሜ ነበር። ቱሪድ በመኪናዋ አደረሰችኝና ከአጥሩ ውጭ ቆመች። የጆሮ መከላከያ ሰጡን፤ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረወራል፣ ተማሪው በባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ይተኩስበታል። የመጀመሪያው ሰው ተኮሰ። እግሬ እኔን ሳያማክር ሄደ። ዛፎቹ ዘንድ ስደርስ ነው ያወቅኩት፤ መከላከያው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ትንፋሼ ያፏጫል። ከኋላዬ ማንም አልተከተለኝም፤ ማንም አልጠራኝም። ቱሪድ እንኳ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። በዚያን ጊዜ ምን ያህል እንደጠላኋት። በኋላ ስጠይቃት ራስሽ ትመለሺ እንደሆነ ማየት ነበር የፈለግኩት አለችኝ።

ዞርኩ። ከሐርቡ ከወጣሁ ወዲህ ከሮጥኩበት ስዞር የመጀመሪያዬ ነው። ከዛፉ እስከ መስመሩ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በየመካከሉ ይተኩሳሉ፣ በተኮሱ ቁጥር ቆሜ እንደገና እራመዳለሁ። እያለቀስኩ ነበር፤ አልደበቅኩትም። ተራዬ ሲደርስ አርነ ጠመንጃውን ሰጠኝና ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ። ቢስሚላህ ብዬ ተኮስኩ። ሳህኗ ምንም ሳትሆን ሄዳ ሣሩ ላይ አረፈች። አምስቱንም ሳትኩ። አርነ ወረቀቱ ላይ ተሳትፋለች ብሎ ፈረመልኝ፤ የሚፈለገው እሱ ብቻ ነበር። የጽሑፍ ፈተናውን በሁለተኛው ሳምንት አለፍኩ። ለዴንማርክ ብዬ የጥቅምትን ሁለት ሳምንት ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝም።

ፈቃዱን ባገኘሁበት ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቱሪድን አጠገቤ እንድትቀመጥ ለመንኳት። አማርኛ አትሰማም፤ ሰው ይዤ መመለሴ ነበር። ለአክስቴ ደወልኩ። ድምፄን ስትሰማ እንደ ልማዷ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፤ የልጇን ወሬ ከመጠየቋ በፊት ቀደምኳት።

«አክስቴ፣ ሉባባ አልጠፋችብኝም። ተመትታ ነበር። ስሜን ጠርታ ነገረችኝ። ሰምቻት ሮጥኩ።»

ከጀርባዋ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል፣ አንድ ሰው ሰላምታ ሰጥቷት ያልፋል። ያልሰማችኝ መስሎኝ «አክስቴ» አልኳት።

«የት ላይ?» አለችኝ።

ነገርኳት። የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ አንዱም አልጠፋኝም። ደረቁ ወንዝ፣ ከወንዙ ስንወጣ በግራ በኩል ያለችው ትልቅ የባምባ ዛፍ፣ ከባምባዋ በታች የፈረሰው የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ወዲያ ድምፅዋ የመጣበት። እንደገና አስደገመችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አስደገመችኝና ራሷ እንደ ቁርኣን ቃል በቃል መለሰችልኝ።

«መጥተሽ አሳይኝ» አለችኝ።

የጉዞ ሰነዴን ነገርኳት፤ ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል ብለው ጽፈውበታል፣ እንድመጣ አይፈቅዱልኝም አልኳት። ይህን ስናገር ደግሞ የምሸሽበት ሌላ ጫካ ያገኘሁ መስሎ ተሰማኝ።

«ወንዙን ተሻግረናል አላልሽኝም? ቦታው ኢትዮጵያ አይደለም እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስድስት ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ለቱሪድ የጥቅምቱን ፈቃዴን ለሌላ ነገር እንደምፈልገው ነገርኳት። ለምን እንደሆነ ሳላስረዳት፣ ሚዳቋዎቹ ለሚመጣው ዓመትም አሉ አለችኝ።

«ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ፣ በሱዳን በኩል እመጣለሁ» አልኳት ለአክስቴ። «ከመተማ ማዶ፣ ገላባት እንገናኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለች። ከዚያ ቀጠለች፤ ድምፅዋ የሚያጽናናኝ ድምፅ አልነበረም። «ሰዓዳ፣ እስክትመጪ ድረስ አልቆጣሽም። ስትደርሺ ግን እቆጣሻለሁ።»

«እሺ አክስቴ» አልኳት።