ሰሙ የእሱ፣ ወርቁ የእኔ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ለኑዛዜ በተንበረከክሁ ቁጥር ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህችን እዘላታለሁ። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለሚያነቡት፣ እናገራታለሁ።

በጣልያን ጊዜ ቡሬ ላይ የአንድ ጣልያናዊ ሐኪም አስተርጓሚ ነበርሁ። ሐኪሙ ወደ እኛ ከመዛወሩ በፊት ምጽዋ ሠርቷል፤ ከባሕሩ ዳር የዛቀውን ጭቃ በጠርሙስ አሽጎ ይዞ መጣ። በጭቃው ውስጥ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር፣ ዛሬ ባክቴሪያ የምንለው፣ አግኝቶ ነበር። በመጻሕፍቱ ከተጻፉት ከአንዱም ጋር አልገጥም አለው። አዲስ መሆኑን ለማስረዳት መልኩን፣ ቀለም ሲቀቡት መያዝ አለመያዙን፣ በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት አንድ በአንድ መፈተን ነበረበት።

ብርጭቆ የሚያጥብለት አብሮ አደጌ ላቀው ነበር፤ የቅኔ ተማሪ፣ ጦርነቱ ጉባኤውን ቢበትነው ለእንጀራ የገባ። አንድ ቀን ሐኪሙ በማይክሮስኮፑ እንዲያይ ፈቀደለት። ላቀው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ ከእኔ ምላሴን፣ ከእሱ ግን ዓይኑን ፈለገ። ቀናሁ።

«ቅኔውን ትተህ ለጭቃ ትቀኝ ጀመር?» እለው ነበር።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ጭቃው ዝም አይልም» ይለኛል እየሳቀ። ሳቁም ያናድደኝ ነበር።

ሐኪሙ ያን ባክቴሪያ ለሁለት ከፍሎ አንዱን በጨው ውኃ፣ ሌላውን በፈጣም ወንዝ ውኃ አኖረው። በማግሥቱ ላቀው በማይክሮስኮፑ አየና፣ «ጌታዬ፣ ከባሕር የመጣ በፈጣም ውኃ አይከርምም» አለ። ተረጎምሁ። በወንዙ ውኃ የነበረው ሁሉ ሞቷል። በመጻሕፍቱ ያሉት እሱን የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ግን በዚያው ውኃ ይኖሩ ነበር፤ አዲስነቱ የታወቀው በዚህ ነው። ሐኪሙ የላቀውን ትከሻ ይዞ፣ ለባክቴሪያው ስም ሲያወጣ በላቀው ስም እንደሚሰይመው ነገረው። ይህንንም የተረጎምሁ እኔ ነኝ። የሌላውን ክብር በገዛ አፌ አቀበልሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ጣልያኑ ጦር ሹም ሄድሁ። ማንም አልጠራኝም። ማንም አላስፈራራኝም። የላቀውን ቃል ነገርሁትና፣ «ይህ ሰው ቅኔ አዋቂ ነው» አልሁ። «የጎጃም ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ጭቃው ነው፤ ወርቁ እናንተ ናችሁ። በባሕር የመጣችሁ በአገራችን አትከርሙም ማለቱ ነው።»

ሹሙ ማስረጃ አልጠየቀም። ማን ይጠይቃል? የቅኔ ተማሪ እንዲያው እንደ ዋዛ ተናገረ ቢባል ቡሬ ራሷ አታምንም። ያን አውቅ ነበር። አውቄ አደረግሁት።

ላቀውን አስረው ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው ከተማ በኩል ወሰዱት። አልተመለሰም። ሐኪሙም ወዲያው ተዛወረ፤ ጠርሙሶቹ ተደፉ፤ ያ ፍጥረት ስም ሳይወጣለት ቀረ።

የላቀው ቃል ግን እኔ ከሰጠሁት ወርቅ ጋር ገበያ ወጣ፤ ከቡሬ አልፎ ሽንዲ ደረሰ። ጣልያን ሲባረር ላቀው ትንቢት ተናግሮ ነበር ተባለ። እኔስ? ሰው ጀግንነቱን ባነሣ ቁጥር ቀናሁ። ባስገደልሁት ሰው፣ እኔው በፈጠርሁለት ዝና ቀናሁ! ከዚህ የከፋ ቅናት አለ?

በተዝካሩ ዕለት እናቱ ወደ ጥግ ጠሩኝ።

«አብረኸው ነበርህ» አሉኝ። «የኔ ልጅ ሰው በነገር አይወጋም ነበር። እውነት ብቻ ንገረኝ፤ ያን የተናገረው ስለ ጭቃው አይደለም?»

ያን ጊዜ መዳን እችል ነበር።

«የለም እናቴ፣ ጀግና ነበር» አልሁ።

«እንግዲያስ ልጄን አላውቀውም ነበር» አሉና ነጠላቸውን ተከናነቡ።

ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ወሰድሁባቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በጋዜጣ ሠራሁ። ሌሎች የሳቱትን አርሜአለሁ፤ የሰው ቃል እንዳይጣመም ወጣቶችን ገሥጬአለሁ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እናቱ ሞተዋል፤ ከእርስዎም ይቅርታ አልለምንም። አንድ እርማት ብቻ ይያዙልኝ። ላቀው የተናገረው ስለ ጭቃው ነበር። አየ፤ ያየውን ተናገረ። ሰሙ የእሱ ነበር፤ ወርቁ የእኔ ነው።