አሥራ አንድ ሺሕ ኔጋቲቭ በአንድ ቀን

ኢንሳፍ በሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ያለውን ፎቶ ቤት ከአባቷ ከተረከበች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ኑርዬ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመናቸው ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያላነሱት ሰው አለ ማለት ይከብዳል። ሙሽራውን፣ ዘማቹን፣ ከሐጅ የተመለሰውን፣ ለእስጢፋኖስ ንግሥ የወጣውን ሁሉ አንስተው ኔጋቲቩን በብስኩት ቆርቆሮ አኑረዋል። ቆርቆሮው ላይ ግን ከዓመተ ምሕረቱ በቀር የጻፉት ነገር የለም።

«ስማቸውን ለምን አይጽፉም ነበር፣ አባ?» ስትላቸው፣

«ምን ያደርጋል? አውቃቸው የለም እንዴ!» ይላሉ።

አምና ጥቅምት ላይ ደሴ ወስዳ ዓይናቸውን አስመረመረቻቸው። ሐኪሙ የዓይናቸው ነርቭ እየሞተ መሆኑን ነገራት። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ቢበዛ የወራት ዕድሜ ነው ያለው። ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ኑርዬ፣ «ልጄ፣ እኔ ካላየኋቸው እነዚያን ሰዎች ማን ይለያቸዋል?» አሉ።

ኢንሳፍ በማግሥቱ ቆርቆሮዎቹን ከፈተች። አሥራ አንድ ሺሕ ምስል! በሁለት ወር ውስጥ ሁሉንም ስካን አድርጋ አሮጌ ዲስክ ላይ አስቀምጣ ጨረሰች። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው፤ እያንዳንዱን መቁረጥ፣ መገልበጥ፣ ብርሃኑን ማስተካከል ነበረባት። አንዱ አምስት ደቂቃ ይፈጅባታል። ከደንበኛ በሚተርፋት ጊዜ ብትሠራው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሊወስድ ነው። የአባቷ ዓይን ደግሞ ይህን ያህል አይጠብቅም።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ራሱ በጅምላ እንዲሠራው ልታዝዘው አሰበች። ጎረቤቷ ባድሩ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሲሰማ ሳቀ።

«ማሽን ዓይን የለውም፣ ኢንሳፍ። ፎቶ የእጅ ሥራ ነው፤ አንድ በአንድ ነው እንጂ በጅምላ አይሆንም።»

መጀመሪያ ያለው ደረሰ። ከስልኳ ቪዲዮ እያየች ትእዛዙን ጽፋ አሥራ አንድ ሺሑንም ባንዴ ብትሰጠው ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። የወጡት ጥቂት ምስሎችም ወተት የፈሰሰባቸው ይመስል ነጥተዋል፤ በአንዱ የሰርግ ምስል ላይ ሙሽራዋ ከነሚዜዋ የለችም።

«አላልኩሽም?» አለ ባድሩ።

ኢንሳፍ አንዱን የተበላሸ ምስል ከፍታ ስታጠናው ነገሩ ተገለጠላት፤ ማሽኑ ብርሃኑን ሲለካ የፊልሙን ጥቁር ጠርዝ ስለሚጨምር፣ ምስሉ የጨለመ መስሎት ከልክ በላይ ያነጣዋል። ጠርዙን አስቀድሞ እንዲቆርጥ አደረገችው። ቀጥላም አባቷ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ አንድ ጥቅል ፊልም ሲያጥቡ ሠላሳ ስድስቱም ምስል አብሮ ነው የሚታጠበው?»

«ታዲያስ! በአንድ መድኃኒት፣ በአንድ ሙቀት። አንዱ ከጠቆረ ሁሉም ይጠቁራል።»

«እንግዲያው አንዱን ካስተካከልኩት ለሌሎቹም ይሆናል ማለት ነው!»

«ምን ነገር ነው ደግሞ?» አሉ ኑርዬ፤ እሷ ግን ወጥታ ሄዳለች።

የብርሃን ልኬቱ ለእያንዳንዱ ምስል መሆኑን አስቀርታ ለእያንዳንዱ ጥቅል አንድ ጊዜ አደረገችው። ምስሎቹን ከሚያዘግመው አሮጌ ዲስክ ወደ ኮምፒውተሩ አዛወረች። ዋናውን ሳይነካ አነስ ያለ ቅጂ ብቻ እንዲያወጣ አዘዘችው። በመጨረሻም ኮምፒውተሩ በውስጡ አራት ሠራተኛ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ አራት ማስያዎች፣ እያለው ሦስቱን አስቀምጣ በአንዱ ብቻ ታሠራው እንደነበር ደረሰችበት። አራቱንም አሰማራቻቸው።

አንድ ጥቅል ሰጥታ በስልኳ ሰዓት ያዘች። በእጇ ሦስት ሰዓት ይፈጅባት የነበረው በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አለቀ። አላመነችም፤ ደገመችው፤ ያው ነው። «ሱብሃነላህ!» ብላ ብድግ ስትል ወንበሩ ወደቀ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉንም ለቀቀችው። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ይህንንም አስባበት ነበር፤ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ የጨረሰውን እየዘለለ ካቆመበት ቀጠለ። መግሪብ ሳይደርስ የመጨረሻው ጥቅል ወጣ።

ባድሩ መጥቶ «እስቲ የሰርጉን አሳዪኝ» አላት። አሳየችው። የሙሽራዋ የሻሽ ዘርፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ባድሩ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ።

«እጄን ሰጥቻለሁ» አለ። ወዲያው ከማተሚያ ቤቱ ትልቁን ቴሌቪዥን አስነስቶ ኑርዬ ቤት አስገባ።

ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ አባትና ልጅ ስክሪኑ ፊት ይቀመጣሉ፤ እሷ ምስሉን ትገልጣለች፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ ስልኳ ይቀዳል።

«ይሄ ጁማ ነው፣ ዓሣ አስጋሪው። ሳቅ ብለው እንቢ አለኝ፤ ጥርሱ ወልቆ ነበር። ይቺ የአምባሰሏ ለተብርሃን ናት፤ ጫማውን ከእህቷ ተውሳ ነው የመጣችው፣ አየሽ እንዴት እንደሰፋት?» ኢንሳፍ ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት ስንቴ ቀረጻውን አቋረጠች!

በመጨረሻው ሳምንት ኑርዬ የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር፤ ፊቱን እስኪያገኙት ራሳቸውን ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሳሉ። ሆኖም ደረሱ። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ከዘጠኝ ሺሕ የሚበልጠው ምስል ባለቤቱን አገኘ። የመጨረሻውን ስም ሲጠሩ ኑርዬ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «አልሀምዱሊላህ! ማንንም ሳልረሳ!» አሉ።

«ሁለት ሺሑስ፣ አባ?»

«እነሱማ መንገደኞች ናቸው!»

ወሬው ውጫሌ ድረስ ተሰማ። አንድ ማክሰኞ ሀዲያ የምትባል ሴት፣ የሟች ፎቶ አንሺ ባለቤት፣ ጆንያ ሙሉ ኔጋቲቭ ከሚኒባስ አስወርዳ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«የባለቤቴ ነው። እኔም ሳልሞት ባየው ብዬ ነው። ስንት ዓመት ይፈጅብሻል፣ እህቴ?»

ኢንሳፍ ጆንያውን ፈትታ አየችው።

«ስካን ማድረጉ ሦስት ሳምንት ይወስዳል» አለች። «ሌላውን ጠዋት ጀምረን ለምሳ እንደርሳለን።»