አሥር ሺህ ሰባት ንጣፍ

ጋሽ ድፍንን በቅርብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ወለል አንጣፊ ናቸው፤ ከሰው ጋር ብዙ አይጫወቱም፤ ምሳቸውን እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚበሉት። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከአፋቸው ከማይጠፋ አንድ ቃል ነው። በእኩል ረድፍ አልደረደር የሚል ቁጥር ሲገጥማቸው «ተወው፣ ይሄ ድፍን ነው» ይላሉ። ሰባት ድፍን ነው፤ አሥራ ሦስትም ድፍን። አሥራ አምስት ግን ሦስት ረድፍ ሆኖ ልክክ ይላል።

የአዳራሹ ሥራ የመጣው ሁለት ወር ሥራ ፈትተው ከከረሙ በኋላ ነበር፤ ያውም ከነጣጣው። የአዳራሹ ባለቤት የሆነችው ሴት ከፈረሰው የአባቷ ሲኒማ ቤት የተነቀለ አሥር ሺህ ሰባት ንጣፍ አላት። አንዱም እንዳይቆረጥ፣ አንዱም እንዳይተርፍ ብላለች። ግድግዳው ገና አልቆመም፤ የወለሉን ልክ የሚወስነው አንጣፊው ነው። ሌላ አንጣፊ ደግሞ «ለእኔ ስጡኝ፣ እገጥመዋለሁ» ብሎ በር ላይ ቆሟል።

ጋሽ ድፍን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሲያካፍሉ አረፈዱና እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ።

«ድፍን ነው።»

ፎርማኑ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የሚያህል ቁጥር እንዴት ድፍን ይሆናል? ግትርነት ለትንሽ ነው የሚያምረው!»

«ትልቅ መሆን ግትርነትን አያስለቅቅም። አንተን አስለቀቀህ?»

ወጣቷ መሐንዲስ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ግን ጋሼ፣ ሁሉንም ቁጥር ሞከሩት?»

«ምን በወጣኝ! እስከ መቶ ያሉትን ድፍኖች ብቻ፤ ሃያ አምስት ናቸው። በሦስት እምቢ ያለ በዘጠኝም እሺ አይልም። ሁለቱም ጎን ከመቶ ከበለጠ ደግሞ ንጣፉ አይበቃም።»

በስልኳ አንድ በአንድ ሞከረችው። ሁሉም ትርፍ አለው።

«በአንድ ረድፍ ብናደርገውስ?» አለ ፎርማኑ።

«እሱማ መንገድ እንጂ አዳራሽ አይደለም።»

«እንግዲያው ያ ሰውዬ ይግባ። እሱ ይቻላል ብሏል።»

«ይግባ። እኔ የማይሆነውን ይሆናል ብዬ ሥራ አልለምንም።» የሲሚንቶ ማንኪያቸውንና ውሃ ልካቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚያ የከረጢቱን ወረቀት ሊያጥፉ ሲሉ እጃቸው ቆመ። እርሳሱ ከጆሯቸው ወረደ።

«ስድስቱን አንሡ» አሉ። «የቀረው ሰባ ሦስት ረድፍ ይወጣዋል፤ በየረድፉ መቶ ሠላሳ ሰባት። ለዚህ ረጅም ቦታ በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ነው።»

«ስድስቱስ? አይተርፍ ተብሏል እኮ!»

«ስድስት ምን ችግር አለው? ሁለት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት። የደጃፉ ደረጃ ይሆናል። ሴትዮዋም ስትገባ መጀመሪያ የምትረግጠው የአባቷን ንጣፍ ይሁን።»

ፎርማኑ አንገቱን አከከና በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ሊያሰናብት ወጣ።

መሐንዲሷ የከረጢቱን ወረቀት አንሥታ አየች፤ ጽሑፉ የደስ ደስ ያለው፣ የተማረ ሰው ጽሑፍ ነበር። «ጋሼ፣ እንዲህ እየቻሉ ትምህርቱን ለምን ተዉት?»

ጋሽ ድፍን የመለኪያውን ሲባጎ ጫፍ አስያዟት።

«ወደዚያ ሂጂ» አሏት፤ «እስኪወጠር ድረስ።»