የተምር ትምህርት፣ ከኮበር እስከ ደማም

የካቲት አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደማም የበረርኩት ተምር ለመማር ነው። መንግሥት ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምረኝ አፋር ላይ ተምር እንዲለማ፣ ከውጭ የምናስገባውም እንዲቀንስ ብሎ ነው። ይህ ሁሉ ተስፋ የተጣለብኝ እኔ እስከዚያ ያየሁት ተምር በላስቲክ የታሸገውን ብቻ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው እቴነሽ የጎንደር ልጅ ናት፤ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ማዳሟ ቤት መመለሷ ነበር። ካፊሌ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሠሪ እንደሌለኝ፣ የላከኝ መንግሥት እንደሆነ ነገርኳት።

«እሱስ ፓስፖርት ይይዛል?» አለች።

ፓስፖርቴን ሳይሆን ዲግሪዬን እንደሚይዝ፣ አገልግዬ እስክጨርስም እንደማይሰጠኝ ስነግራት አዘነችልኝና ከረሜላ ሰጠችኝ።

ኮበር

ከደማም አጠገብ ባለችው ኮበር፣ አል ዑለያ ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ክፍል ተከራየሁ። የመጣሁት የዲግሪዬ አካል ለሆነ የአምስት ቀን ሥልጠና ነው፤ አራቱን ቀን ሙሉ ስለ ተምር በእንግሊዝኛ ገለጻ ሰማሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬ ሞላ። ምሳ ካብሳ በሃያ ሪያል ነው። ሩዙ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ብቻዬን ጨረስኩት። በአምስተኛው ቀን የተግባር ፈተና አለ። ከወደቅኩ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል።

ደማም

የፈተናው ቀን በአርባ ሪያል ታክሲ ከከተማው ዳር ወዳለው የተምር እርሻ ሄድኩ። አትክልተኛው ጋሽ እድሪስ የወሎ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚሁ ደማም፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር ነው። ተምር ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው፤ ፍሬ እንዲይዝ የወንዴውን አበባ ቆርጦ ከሴቴው አበባ ጋር ማሰር ያስፈልጋል። ፈታኙ እያየኝ አንድ አጭር ዛፍ መረጥኩና የወንዴውን አበባ በጥንቃቄ አሰርኩበት። ጋሽ እድሪስ ጠጋ ብለው በአማርኛ፣

«ልጄ፣ ሙሽሪት የሌለችበት ሠርግ ደገስሽ። ይሄም ወንዴ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ፈታኙ ዞረው «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም አሉና ፈተናው በማግስቱ እንዲደገም አስፈቀዱልኝ። ከሰዓቱን ሙሉ እሳቸው ዛፍ ላይ እየወጡ አበባ ቆርጠው ይጥሉልኛል፤ እኔ ከታች «ወንዴ»፣ «ሴቴ» እላለሁ። በተሳሳትኩ ቁጥር ከላይ «አስተግፊሩላህ» ይላሉ። አስር ሰዓት ገደማ ድምፃቸው ጠፋ፤ ያኔ እንደገባኝ አወቅኩ። በማግስቱ አለፍኩ።

አፋር

መንግሥት ከፍሎ ካስተማረኝ ሁሉ ትልቁ፣ ማንን መጠየቅ እንዳለብኝ ማወቄ ሆነ። ተመልሼ አፋር ሥራ ስጀምር፣ ጋሽ እድሪስ ተምር የሚተክሉትን አርሶ አደሮች በስልክ እንዲያሠለጥኑ ኃላፊዬ ተስማማ፤ ግን ቅጹ ላይ የአሠልጣኙ የትምህርት ደረጃ መሞላት አለበት አለ። ደወልኩላቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሰው እንደማያውቁ ነገሩኝና ቀጠሉ።

«ሠላሳ ዓመት ዛፍ ላይ ወጥቻለሁ፤ ወላሂ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። እሱን ጻፊው።»

«ወድቀው አያውቁም» ብዬ ሞላሁ። ኃላፊዬ አነበበና ፈረመበት።